አህያዋ ለምን ተበላች? የአፍሪካን የእንስሳት ተረቶች እንዴት ነው የምታነቧቸው?

የማታ_ወግ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን የእንስሳት ተረት ነው የማነበው፤ የኛን፣ የጋናን፣ የስዋሂሊውን፣ የደቡብ አፍሪካን፣ ያገኘሁትን ሁሉ። አንድ ነገር አልዋጥ ስላለኝ ይሄን ክር ከፈትኩ።

የአህያዋን ተረት አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለማያውቅ ልንገር። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው ዘመኑ ስለ መክፋቱ ያወራሉ። ዝናብ ጠፍቷል፣ የሚበላ የለም። “ከመካከላችን ኃጢአት የሠራ ቢኖር ነው እግዚአብሔር የተቆጣን፤ እንናዘዝ” ይባባላሉ። አንበሳ ይጀምራል፦ “ከመንደር ዳር ወይፈን አግኝቼ በልቻለሁ።” ሌሎቹ የአንበሳን ክርን ይፈሩታልና “ኧረ ይሄ ምን ኃጢአት አለው!” ይላሉ። ነብር ከመንጋዋ የተለየች ፍየል መብላቱን ይናገራል፤ “ምን አለበት!” ይባላል። ጅብ መንደር ሰርጎ ገብቶ ዶሮ ሰርቆ መብላቱን ይናገራል፤ እሱም ይታለፋል። አህያዋ ተራዋ ሲደርስ “ጌታዬ ጭኖኝ ስንሄድ መንገድ ላይ ወዳጁን አገኘና ወሬ ያዘ። እኔም እስኪጨርስ ከመንገዱ ዳር ትንሽ ሣር ነጨት ነጨት አደረግሁ” ትላለች። ዝም ይላሉ። ከዚያ “ጉድ! ለካ ይሄን ሁሉ መከራ ያመጣሽብን አንቺ ነሽ!” ብለው ተረባርበው በሏት።

አለቀ። ዝናብም አልዘነበ፣ ፈራጅም አልመጣ፣ ጅቡም አላነቀው። የታተሙት መጻሕፍት ግን ከሥር “ከዚህ ተረት ምን እንማራለን?” የምትል መስመር አላቸው። በሞቴ፣ ምን እንማራለን? ሣር አትንጪ? አትናዘዢ? በሌሎቹ አገሮችም ያው ነው፤ ያታለለ ያሸንፋል፣ የዋሁ ይበላል። እናንተ እነዚህን ተረቶች የምታነቧቸው እንደ ምንድን ነው?

ጦጢት_ነኝ፦

ወንድም የማታ ወግ፣ መልሱን እኮ ሕዝቡ ድሮ ሰጥቶታል፦ “አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ።” ይቺ አነጋገር የአህያዋ ሙሉ የመከላከያ ክርክር ናት። መበላቷን ታውቃለች፤ የምትለምነው ችሎቱ እንዲቀርላት ብቻ ነው።

እኔ ተረቱን እንደ ምክር አላነበውም፤ እንደ ችሎት ዘገባ እንጂ። ከሳሹ፣ ዳኛውና በላተኛው አንድ አካል የሆነበት ችሎት። ደግሞ ልብ በሉ፣ ኑዛዜዎቹ እያነሱ ነው የሚሄዱት፦ ወይፈን፣ ፍየል፣ ዶሮ፣ ሣር። ጥፋቱ ባነሰ ቁጥር ቅጣቱ ይቀርባል። ይሄን ያቀናበረ ሰው ሞኝ አይደለም። ተረቱን ማታ ማታ ይሰማ የነበረው ማነው? ቀኑን ሲሸከም የዋለው ነው። ስለ ሹም እንዲህ ብሎ በግልጽ ቢናገር ጀርባው አይተርፍም፤ ስለ አንበሳ ቢናገር ግን ማን ይከሰዋል?

በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ከሩሲያ ተምረው ሲመለሱ የጻፉት፣ የአማርኛ ቴያትር መነሻ የሚባለው “ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ” ምን እንደ ደረሰበት አስታውሱ። መድረክ ላይ ያሉት አውሬዎች ናቸው፤ ነገሩ ከፈረንሳዊው ባለቅኔ ከላፎንቴን ተረቶች የተቀዳ ነው። ግን መኳንንቱ ማን ማን እንደሆነ ስለገባቸው ቴያትሩ ታገደ። ጭምብሉ ሲሳሳ እንዲህ ነው።

ድር_አድራጊ፦

ጦጢት እንዳለችው ነው፤ ጋናዎች ግን ጭምብሉን ከመጀመሪያው ይናገሩታል። የአሻንቲዎችን ተረት ራትሬ የሚባል ብሪታንያዊ ሰብስቦ በ1930 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል፤ በአንድ ወገን የራሳቸው ቋንቋ፣ በሌላው ወገን እንግሊዝኛው። ተራቹ ሲጀምር “የምንናገረው እውነት ነው ማለታችን አይደለም፣ ማለታችን አይደለም” ይላል። ከደሙ ንጹህ ነኝ እንደማለት። ከዚያ በኋላ አለቃውንም፣ የሰማዩን አምላክ ኒያሜንም እንዳሻው ይሳለቅበታል፤ በዚያች ማታ ክልክል የለም።

የሸረሪቱን የአናንሲን ተረት ያላነበባችሁ፣ ከዚህኛው ጀምሩ። ድሮ ተረት ሁሉ የኒያሜ ንብረት ነበር። አናንሲ ሄዶ “ሽጥልኝ” ይለዋል። ኒያሜ “ታላላቅ ከተሞች መጥተው አልቻሉም፤ አንተ ማን ሆነህ ነው?” ይለዋል። ዋጋው ዘንዶው ኦኒኒ፣ ነብሩ ኦሴቦ፣ የተርብ መንጋና የማትታይ የጫካ ፍጥረት፣ ሁሉም በሕይወታቸው ተይዘው እንዲመጡ ነው።

ዘንዶውን እንዴት እንደያዘው ብቻ ልንገራችሁ። ሚስቱ አሶ ናት ዘዴውን የሰጠችው (ስሟን የሚያነሳላት ግን ጥቂት ነው)። የዘንባባ ቅርንጫፍና ሐረግ ይዘው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። እየሄዱ ይጣላሉ፦ “ይረዝማል!” “አይረዝምም!” “ትዋሻለሽ!” “እንዲያውም ያጥራል!” ዘንዶው ተኝቶ ሲሰማ ቆይቶ “ምንድን ነው ነገሩ?” ይላል። አናንሲ “ኧረ ተወኝ፤ ሚስቴ አንተ ከዚህ ዘንባባ ታጥራለህ ትላለች፣ እኔ ትረዝማለህ እላለሁ” ይለዋል። “ናና ለካኝ” ይላል ዘንዶው፤ በእንጨቱ ልክ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። አናንሲ ሐረጉን ከጅራቱ ጀምሮ እየጠመጠመ እስከ ራሱ ይደርሳል። ተርቦቹንም ራሱ ላይና ቤታቸው ላይ ውኃ አፍስሶ “ዝናብ መጣባችሁ፣ ቅሌ ውስጥ ግቡ” ብሎ ነው የሸበባቸው።

ዘንዶውን የጎዳው ክፋት አይደለም፤ ርዝመቱ እንዲመሰከርለት መፈለጉ ነው። ነገር ግን ከሥር “ትዕቢት ይጎዳል” ብዬ ብጽፍ፣ ያ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ወዴት ሄደ? ተረቱ እኮ ያለው ጭቅጭቁ ውስጥ ነው።

መምህር_ዘ፦

ሁላችሁም በጥሩ አነበባችሁት፤ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። እኔ ግን ከአርባ ልጅ ፊት የምቆም ሰው ነኝ። ልጆቹ አናንሲን ሲሰሙ የሚወዱት ማታለሉን ነው። በማግስቱ አንዱ የሌላውን እርሳስ “ልለካው” ብሎ ይወስድበታል። ተረት የሥነ ምግባር ማስተማሪያ ካልሆነ በትምህርት ቤት ምን ይሠራል? ወላጅስ ምን ይለኛል? የአህያዋን መጨረሻ ዝናብ ዘንቦ፣ አንበሳው ተጸጽቶ ብጨርሰው ምን ክፋት አለው?

“ከዚህ ምን እንማራለን” የምትለውን መስመር ፈረንጅ ያመጣት አድርጋችሁም አትዩ። በእኛም ጥንታዊ ነች። ከግሪክ ወደ ግእዝ በአክሱም ዘመን የተመለሰውን፣ ስለ እንስሳት የሚናገረውን ፊሳልጎስ የሚባል መጽሐፍ ተመልከቱ። አንበሳ አዳኝ ሲከተለው ዱካውን በጅራቱ ያጠፋል ይላል፤ ወዲያው ይሄ የክርስቶስ ምሳሌ ነው፣ መለኮቱን የሰወረበት ነው ብሎ ይተረጉመዋል። እንስሳ ያለ ትርጓሜ አይታለፍም።

ጦጢት_ነኝ፦

መምህር፣ ፊሳልጎስን ማንሳትዎ ደስ ብሎኛል፤ ማንም የሚያነሳው የለም። ግን እሱ እኮ የሚነበብ ነው፣ የሚተረት አይደለም። እዚያ አንበሳው ከመጀመሪያውም ለትርጓሜው ሲባል ነው የመጣው፤ ትርጓሜው ቢነሳ የሚተርፍ ነገር የለም። የአህያዋ ተረት ግን ትርጓሜው ሲጨመርበት ነው የሚበላሸው። አንበሳው ከተጸጸተ አህያዋ በከንቱ ሞተች ማለት ነው፤ ልጁም ዓለም እንዲያ እንዳልሆነች ከሰፈሩ ያውቃል።

እንዲህም ይሁን እንዲያ እርሳሱን የወሰደው ልጅ ጎበዝ አንባቢ ይመስለኛል።

የጅብ_ጠበቃ፦

ክቡራን፣ ደንበኛዬ በሌለበት እየተፈረደበት ስለሆነ አቤቱታ አለኝ።

ከሃውሳ እስከ ወሎፍ፣ ከአማራ እስከ ሶማሌ፣ ጅብ ማለት ሆዳምና ጅል ነው። በሴኔጋል ጥንቸሏ ሉክ ብልጥ፣ ጅቡ ቡኪ መሳቂያ ነው። ስሙ አትላንቲክን ተሻግሮ ሁሉ ጠፍቷል። በባርነት የተጋዙት ሰዎች ቡኪን ይዘውት ሄዱ፤ ሉዊዚያናና ሄይቲ ውስጥ ዛሬም ቡኪ የሚባል ሞኝ በተረት ይታለላል፣ ጅብ የሚባል አውሬ በአገሩ ሳይኖር! ተራቾቹ ምን ዓይነት እንስሳ እንደሆነ እስኪረሱ ድረስ ሞኝነቱ ብቻ ቀረ።

እውነቱ ግን ይሄ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሃንስ ክሩክ የሚባል ተመራማሪ ታንዛኒያ ውስጥ፣ በንጎሮንጎሮና በሴሬንጌቲ፣ ሌሊት ሌሊት ሲከታተላቸው ዝንጉርጉሩ ጅብ አብዛኛውን ምግቡን ራሱ አድኖ እንደሚበላ አረጋገጠ። በንጎሮንጎሮማ ጠዋት አንበሳ ሲበላ፣ ጅቦች ዙሪያውን ቆመው ሲጠብቁ የሚያይ ሰው “ትርፍራፊ ጠባቂዎች” ይላል፤ ሌሊቱን ገድለው የተነጠቁት ግን ጅቦቹ ናቸው። አንበሳው ነው ቀማኛው። ደግሞ በመንጋው ላይ አዛዧ ሴቷ ናት፤ “አያ ጅቦ” ስትሉ እመቤቲቱን እየዘለላችሁ ነው።

ስለዚህ በአህያዋ ክስ ላይ የዶሮዋ ስርቆት በድጋሚ እንዲጣራ እጠይቃለሁ።

የማታ_ወግ፦

ጠበቃው አሳቀኝ። ግን ቁም ነገር አለው፤ ተረቱ የሚያውቀው ጠዋት የታየውን ጅብ ነው። ለዚያውም ሐረርን አትርሱ፤ እዚያ ጅብ በር ላይ በስሙ ተጠርቶ ሥጋ ይጎርሳል። ጎረቤት ሲሆን ስሙ ይለወጣል ማለት ነው።

ሌላ ጥያቄ፦ የስዋሂሊውን የዝንጀሮና የሻርክ ተረት ያነበበ አለ? አህያ እዚያም አለች።

የባሕር_ዳርቻ፦

አለሁ። እዚያ ተረት ውስጥ እኮ ነው የአህያዋ ነገር የሚፈታው፤ ላጫውታችሁ።

ዝንጀሮ ባሕሩ ላይ ካዘነበለ ዛፍ ፍሬ እየወረወረ ሻርኩን ይመግበዋል፤ ወዳጅ ይሆናሉ። አንድ ቀን ሻርኩ “ጀርባዬ ላይ ውጣ፣ ቤቴን ላሳይህ” ይለዋል። መሐል ባሕር ሲደርሱ “ሱልጣናችን ታሟል፤ መድኃኒቱ የዝንጀሮ ልብ ነው ተብሏል” ይላል። ዝንጀሮው “ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ? እኛ ስንወጣ ልባችንን ዛፍ ላይ ነው የምንተወው። መልሰኝና ላምጣልህ” ይለዋል። ሻርኩ ይመልሰዋል። ዝንጀሮው ዛፉ ላይ ወጥቶ ጭጭ። ሻርኩ “ና እንጂ!” ሲለው ምን ቢለው ጥሩ ነው? “የልብስ አጣቢውን አህያ መሰልኩህ?”

“የምን አህያ?” ይላል ሻርኩ። ዝንጀሮው ቅርንጫፉ ላይ ተደላድሎ ተረት ይጀምራል። አንበሳ ታሞ ተኝቶ ጥንቸልን ይልካታል። ጥንቸል አህያዋን “ለጋብቻ ፈልጎሽ ነው” ብላ ታመጣታለች። አንበሳው ይዘልባታል፤ ቆስላ ታመልጣለች። ጥንቸል ሁለተኛ ሄዳ ታግባባታለች፤ አህያዋ ተመልሳ ትመጣለች፤ ትሞታለች። አንበሳው ልብና ጆሮዋን እንድታስቀምጥለት ጥንቸልን ያዛታል፤ ጥንቸል ራሷ ትበላቸዋለች። ሲጠይቃት “ይቺ ልብም ጆሮም አልነበራት፤ ቢኖራት ተመልሳ ትመጣ ነበር?” ትለዋለች።

ይሄ ተረት በሕንድ የዝንጀሮና የአዞ ሆኖ ይገኛል፤ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን አል ሙቀፋ ወደ ዓረብኛ በመለሰው በከሊላ ወዲምና ውስጥም አለ። የሕንድ ውቅያኖስ መርከቦች ቅመምና ጨርቅ ብቻ አልነበረም የሚያመላልሱት። የኛዋ ሣር የነጨች አህያም ብትሆን፣ ላፎንቴን በ17ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይኛ ግጥም ወረርሽኝ በመታቸው እንስሳት መካከል አስቀምጧታል። ማን ከማን ወሰደ የሚለው ጨዋታ ብዙ አያስደስተኝም። እኔን የሚገርመኝ ዝንጀሮው ነው። በተረቱ ውስጥ ተረት ስለሚያውቅ ተረፈ፤ የአህያዋን ታሪክ የሰማ ነው ሁለተኛ የማይመለሰው። የማታ ወግ “ምን እንማራለን” ላለው፣ ዝንጀሮው መልሶለታል፤ ለዚያውም ከዛፍ ሳይወርድ።

ኤሊ_ቀስ፦

ሁላችሁም ተንኮለኛውን የድኻ ጀግና አደረጋችሁት። ጦጢት በተለይ። እስቲ የጉድጓዱን ተረት አምጡ።

በደቡብና በምሥራቅ አፍሪካ በየቦታው አለ። ድርቅ ይሆናል፤ እንስሳቱ ተማክረው ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ጥንቸል (አንዳንድ ቦታ ቀበሮ ነው) “አልቆፍርም” ትላለች። ውኃው ሲወጣ ግን ሌሊት ሌሊት እየመጣች ትጠጣለች፤ ያም ሳይበቃት ገብታ ትታጠብበትና ታደፈርሰዋለች። ዘበኛ ይቆማል። ማር ታስቀምሰዋለች፤ “ሌላ የምትፈልግ ከሆነ እጅህን ልሰርህ” ትለዋለች፤ ለማሩ ሲል ይታሰራል! በመጨረሻ ኤሊ ጀርባዋን በሙጫ ተቀብታ ውኃው ውስጥ እንደ ድንጋይ ትቀመጣለች። ጥንቸል ረግጣት ስትወጣ አንድ እግሯ ይያዛል። “ልቀቂ፣ በሌላው እመታሻለሁ!” ብላ ሌላውንም ታስይዛለች።

እዚህ ጋ ጥንቸል ማንን ነው ያታለለችው? አንበሳን ብቻ አይደለም፤ አብረዋት የተጠሙትን ነው። ድኻ ድኻን ነው የዘረፈው። ይሄኛውን ሳነብ ከኤሊ ጋር ነኝ፤ የተጠቃሚ ስሜን እንዳያችሁት።

ጦጢት_ነኝ፦

እሺ፣ ኤሊ ነጥብ አስቆጠርሽ። ግን አንቺም ቀሪውን ዘለልሽ። በአንዳንዱ አተራረክ ሌባው ቀበሮ ተይዞ ሊገደል ሲል “ጅራቴን ስብ ቀቡና አዙራችሁ ከድንጋይ ጋር አጋጩኝ፤ እኛ የምንሞተው እንዲያ ነው” ብሎ ይመክራቸዋል፤ ሲያዞሩት ከእጃቸው ሾልኮ ያመልጣል። ተራቹ አልጨከነበትም። ሰሚው ከኤሊ ጋር ሆኖ ይስቃል፣ ከሌባውም ጋር ሆኖ ይስቃል። ያ ነው እኔን የሚይዘኝ።

አንድ_አንባቢ፦

ሁሉም የብልጠት ተረት አይደለም እኮ። ሞት ከየት መጣ የሚሉት አሉ። ዙሉዎች ጋ እስስት “ሰው አይሙት” የሚል መልእክት ተሰጥቶት መንገድ ላይ የእንጆሪ መሰል ፍሬ እየለቀመ ይዘገያል፤ “ሰው ይሙት” የሚለውን የያዘው እንሽላሊት ይቀድመዋል። ከኦሮሞ የተመዘገበው ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል። ዋቃ አንዲት ወፍ ይልካል፤ “ሰው ሲያረጅ ቆዳውን ገፎ እንደገና ወጣት ይሁን” ብላ እንድትናገር። ወፊቱ መንገድ ላይ እባብ ሥጋ ሲበላ ታገኘውና “ካካፈልከኝ የአምላክን መልእክት እነግርሃለሁ” ትለዋለች። ነገረችው። እባብ ቆዳውን ይገፋል፤ እኛ እናረጃለን። ወፊቱ ዛፍ ላይ ሆና የምታቃስተው ለዚህ ነው ይባላል።

ለቁራጭ ሥጋ! እዚህ ተንኮል የለም፣ ጥፋት የመሰለ ጥፋትም የለም። ቅጣቱ ግን የሁላችን ነው።

ድር_አድራጊ፦

“የተመዘገበ” ስትል አንድ ነገር አስታወስከኝ። ስናነብ የጎደለውን አንርሳ። በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ኬፕታውን ውስጥ ብሌክና ሉሲ ሎይድ የሚባሉ ሰዎች የሳን (በአደን ይኖር የነበረ የደቡብ አፍሪካ ሕዝብ) ወገን የሆኑ እስረኞችን ቤታቸው አስቀምጠው ቋንቋቸውንና ተረታቸውን ቃል በቃል ጻፉ። ከዋነኞቹ አንዱ ካቦ የሚባል አዛውንት ነበር። የተጻፈው ደብተር ከ12 ሺህ ገጽ በላይ ነው፤ ዩኔስኮ በ1997 እ.ኤ.አ. በዓለም ማስታወሻ መዝገብ አስገብቶታል። ቋንቋውን ዛሬ አፉን የፈታበት የለም። በሬ የሚያህለውን የዱር እንስሳ ኢላንድን ከአሮጌ ጫማ ቁራጭ ሠርቶ ማር እየቀባ ያሳደገውን የሳኖቹን ተንኮለኛ ካግንን የምናውቀው በነዚያ ደብተሮች ነው።

ደብተር ውስጥ ግን መላሹ የለም። ስዋሂሊዎች “ፓኡክዋ!” ሲሉ ሰሚው “ፓካዋ!” ይላል፤ ሶማሌዎች “ሼኮ ሼኮ” ሲሉ “ሼኮ ሐሪር”፤ እኛ “ተረት ተረት” ስንል “የላም በረት”። ካልመለስክ ተራቹ አይጀምርም። መጨረሻውም እንደዚያው ነው። አሻንቲው “ጣፈጠም አልጣፈጠም ጥቂቱን ውሰዱ፣ ጥቂቱም ተመልሶ ይምጣልኝ” ብሎ ይዘጋል፤ የኛው “ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ” ይላል። ሁለቱም ምክር አልሰጡም፤ ተረት ነው የጠየቁት። መጽሐፉ ግን እዚያች ቦታ ላይ ነው “ከዚህ ምን እንማራለን” የሚለውን የሚያስገባው።

መምህር_ዘ፦

ይሄን ካነበብኩ በኋላ የጉድጓዱን ተረት ክፍል ወሰድኩት። ከሥሩ ያለችውን መስመር ሳላነብላቸው፣ ጥንቸሏ ከኤሊዋ ጀርባ ላይ እንደተጣበቀች አቆምኩና “ፍረዱ” አልኳቸው።

መጀመሪያ ሁሉም “ጥፋተኛ ናት!” ብለው ጮኹ። ከዚያ ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ “ዘበኛውስ? ማር በልቶ የታሰረው አይቀጣም?” አለች። አንዱ ደግሞ “ትጠጣ፣ ግን ለምን አደፈረሰችው?” ብሎ መጠጣቱንና ማደፍረሱን ለሁለት ከፈለው፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር። ሌላው “አልቆፍርም ስትል ለምን እንደሆነ ማን ጠየቃት? ታማ ቢሆንስ?” አለ፤ ግማሹ ክፍል ሳቀበት፣ ግማሹ ደገፈው። እርሳስ የወሰደው ልጅ የጥንቸሏ ጠበቃ ካልሆንኩ ብሎ ሞተ።

ደወሉ ሲደወል ፍርዱ ገና አልተጠናቀቀም። የሒሳብ አስተማሪው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነበር፤ ልጆቹ እሱንም “አንተስ ምን ትላለህ?” ብለው ያዙት።

የጅብ_ጠበቃ፦

መምህር፣ የልጁን ስም በውስጥ መስመር ይላኩልኝ፤ ረዳት እፈልጋለሁ።